ሦስት ሳምንት ከሠላሳ ዓመት ሲከብድ፦ የአምስት ወንዶች የልብ ብቃት በዳላስ

የአንድ ሰው የልብና የደም ሥር ብቃት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወድቅ፣ ከወደቀም በኋላ እስከ ምን ድረስ ሊመለስ እንደሚችል ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ፣ ከብዙ ሺህ ሰዎች ከተሰበሰበ መረጃ ይልቅ በአምስት ሰዎች ላይ ከተደረገ አንድ ጥናት ቢጀምር ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ጥናቱ የተካሄደው በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የተጀመረውም በ1966 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አምስቱ ሰዎች በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ የነበረ ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። በ50 ዓመታቸው፣ ከዚያም በ60 ዓመታቸው ተፈልገው እንደገና ተለክተዋል። ያው ሰው ከወጣትነቱ እስከ እርጅና ደጃፍ በአንድ ዓይነት መለኪያ ሲለካ ማየት በሕክምና ታሪክ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገጥም ነገር ነው፤ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ማቅረብ የፈለግሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የአርባ አምስት ዓመት ሰው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ቆሞ ቁና ቁና ሲተነፍስ፣ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ምን ታደርገዋለህ፣ ዕድሜ ነው»። የዳላሱ ጥናት ይህን ማብራሪያ በቁጥር ፈትኖታል። ዕድሜ ድርሻ እንዳለው አልካደም፤ ነገር ግን ለዕድሜ የምንሰጠው ድርሻ ከሚገባው በላይ መሆኑን፣ ብዙው ጥፋት የመተኛትና የመቀመጥ መሆኑን አሳይቷል።

አልጋ እንደ መድኃኒት

የጥናቱን አስፈላጊነት ለመረዳት በዚያ ዘመን አልጋ ምን ቦታ እንደነበረው ማስታወስ ያስፈልጋል። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በልብ ድካም ድንገት የተመታ ሰው እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ ይደረግ ነበር። ሐሳቡ ከውጭ ሲያዩት ምክንያታዊ ነው፤ የተጎዳ ልብ እንደ ተሰበረ እግር ሊታረፍለት ይገባል፣ ማንኛውም ጥረት ጠባሳው ሳይጠነክር ይቀደዋል የሚል ነበር። በ1952 በቦስተን ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሐኪሞች ሕሙማኑን ከአልጋ አንሥተው በወንበር ላይ ማስቀመጥ ከጉዳቱ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ጽፈው አሳተሙ። በመስከረም 1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በዴንቨር ከተማ ሳሉ በልብ ድካም ድንገት ሲመቱ፣ የቦስተኑ የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት ተጠርተው ሄዱ፤ ዋይት ደግሞ ልብ የተጎዳበት ሰው ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ እንዲመለስ የሚመክሩ ሐኪም ነበሩ። አይዘንሃወርም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተወዳድረው ተመረጡ። እንዲህም ሆኖ አልጋው ራሱ በጤነኛ ሰው ላይ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል የሚለውን ጥያቄ በዝርዝር፣ ልብ የምትረጨውን ደም ሳይቀር ለክቶ የመለሰ ሥራ ገና እምብዛም አልነበረም። ጠፈርተኞችን ክብደት አልባ ወደሆነ ስፍራ ለሳምንታት መላክ የታሰበበት ዘመን ስለነበረም ጥያቄው ከሆስፒታል ውጭም ይጠየቅ ነበር።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ቡድን ከአሜሪካውያኑ ካርልተን ቻፕማንና ጄር ሚቸል ጋር ስዊድናውያኑን ጉናር ብሎምክቪስትንና ቤንግት ሳልቲንን ያካተተ ነበር። ሳልቲን የመጣው የሰውን ልጅ የሥራ አቅም በመለካት ስሙ ከታወቀው የስቶክሆልም ትምህርት ቤት ነው። የሁለቱ ሙያዎች መገናኘት፣ ማለትም የልብ ሐኪሙ ከስፖርት ፊዚዮሎጂ ባለሙያው ጋር በአንድ ክፍል መቆሙ፣ ጥናቱን ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ እንዲሆን አድርጎታል።

አምስቱ ወጣቶችና ልኬቱ

ከአምስቱ ወጣቶች ሦስቱ የተለየ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የማያደርጉ፣ ሁለቱ ደግሞ አዘውትረው ልምምድ የሚሠሩ ነበሩ። መጀመሪያ እንዳሉ ተለኩ፤ ከዚያ ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ፤ ከአልጋው ሲነሡ ተለኩ፤ ቀጥሎም 55 ቀን የፈጀ፣ በሩጫ ላይ የተመሠረተ ከባድ ልምምድ ሠሩና እንደገና ተለኩ።

የተለካው ዋናው ነገር ሰውነት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ነው። ለለካው ሰው ቀላል፣ ለተለካው ሰው ግን ቀላል ያልሆነ ሥራ ነው። ወጣቱ በትሬድሚል ላይ ይወጣል፤ አፍንጫው በመቆንጠጫ ይዘጋል፤ በአፉ በያዘው ቱቦ ብቻ ይተነፍሳል፤ ያስወጣው አየር በትልቅ ከረጢት ይጠራቀማል። ማሽኑ እየፈጠነና ዳገት እየሆነ ይሄዳል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ጉልበቱ ሊከዳው ሲል፣ ከዚያ በላይ ቢጨመርበት እንኳ የሚወስደው ኦክስጅን የማይጨምርበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ያ ጣሪያ የዚያ ሰው የልብና የሳንባ፣ የደም ሥርና የጡንቻ ድምር ብቃት ነው። ከዚሁ ጋር በደም ውስጥ የሚጨመር ቀለም ተጠቅመው ልብ በደቂቃ ስንት ሊትር ደም እንደምትረጭ ለክተዋል።

ውጤቱ በአማካይ እንዲህ ነበር። ከአልጋው በፊት ጣሪያቸው በደቂቃ 3.3 ሊትር ኦክስጅን ነበር። ከሦስት ሳምንት አልጋ በኋላ ወደ 2.4 ሊትር ወረደ፤ ይህ ከአራት እጅ አንዱን ከማጣት ይበልጣል። ከልምምዱ በኋላ ወደ 3.9 ሊትር ወጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም፦ ሦስቱ ልምምድ የማያውቁ ወጣቶች በአልጋው ያጡትን ለመመለስ የፈጀባቸው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ሁለቱ ስፖርተኞች ግን አንድ ወርና ከዚያም በላይ ወስዶባቸዋል። ከፍ ብሎ የነበረ ሰው ከወደቀ የሚወጣው ዳገት ይረዝማል። ስፖርት ሠርቼ ስለነበር ሰውነቴ አይረሳውም ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ጠንካራ መልስ ነው።

የወደቀው ምኑ ነው?

የጥናቱ ትልቁ ዋጋ መውደቁን ማሳየቱ ብቻ አይደለም፤ የትኛው አካል እንደወደቀ መለየቱ ነው። ነገሩን ከሩቅ ወንዝ ውሃ እየቀዳ በሚኖር ቤተሰብ መመሰል ይቻላል። ቤቱ በቀን የሚጠቀምበት ውሃ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ ቀጂው ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ ጀሪካኑ ስንት ይይዛል፣ ቤት ሲደርስስ ከጀሪካኑ ምን ያህሉ ተገልብጦ ሥራ ላይ ይውላል፣ ምን ያህሉስ ሳይነካ ይመለሳል። በሰውነት ውስጥ ምልልሱ የልብ ምት ነው፤ ጀሪካኑ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ነው፤ የሚገለበጠው ደግሞ ጡንቻ ከደሙ ውስጥ አውጥቶ የሚጠቀምበት ኦክስጅን ነው። ሦስቱ ሲባዙ የተለካውን ጣሪያ ይሰጣሉ። ይህን ስሌት ጀርመናዊው አዶልፍ ፊክ በ1870 ያስቀመጠው ሲሆን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። ከሦስት ሳምንት አልጋ በኋላ የወጣቶቹ ከፍተኛ የልብ ምት አልቀነሰም፤ በደቂቃ 193 የነበረው 197 ሆነ። ማለትም ቀጂው ከድሮው ባልተናነሰ ፍጥነት ይሮጣል። የጠበበው ጀሪካኑ ነው። በአንድ ምት 104 ሚሊ ሊትር ትረጭ የነበረች ልብ ወደ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ወረደች፤ በዚህም የተነሣ ልብ በደቂቃ የምትረጨው 20 ሊትር ደም ወደ 15 ሊትር ገደማ አነሰ። ጡንቻዎቹ ከሚደርሳቸው ደም ኦክስጅን የማውጣት ችሎታቸው እምብዛም አልተነካም።

ለምን ጠበበ? ሰው ሲቆም የደሙ ትልቅ ክፍል ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ ሲተኛ ግን ያ ደም ወደ ደረቱ ይመለሳል። ሰውነትም ደረት ውስጥ ደም በዝቷል ብሎ ይደመድምና በኩላሊት በኩል ፈሳሽ ማስወጣት ይጀምራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የደሙ ውሃማ ክፍል ይቀንሳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ ልብ እንደ በፊቱ አትሞላም፤ ያልሞላች ልብም ብዙ መርጨት አትችልም። ሳምንታት ሲቆጠሩ ደግሞ ልብ ራሷ እንደማንኛውም ያልሠራ ጡንቻ ታንሳለች፤ በዳላሱም ጥናት የወጣቶቹ ልብ መጠን መቀነሱ በራጅ ታይቷል። ለሳምንታት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የከረመ ሰው ድንገት ሲነሣ ዓይኑ የሚጨልምበት፣ ግድግዳ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ይህን ስናይ «በሽታው ገና አልለቀቀውም፤ ተመልሶ ይተኛ» እንላለን። በሽታው ለቆት ሊሆን ይችላል፤ የያዘው አልጋው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ልማድ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። በእኛ ዘንድ የታመመን ሰው ማስተኛት የፍቅር መግለጫ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ታማሚው ለመነሣት ቢሞክር «ኧረ በስመ አብ፣ አትነሣ» ይባላል፤ አስታማሚ ውሃውን አልጋው ድረስ ታመጣለች፤ ትንሽ ሻል ብሎት በግቢው ዞር ዞር ቢል «ይገረሽብሃል» ተብሎ ይመለሳል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ደግነታቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን በ20 ዓመታቸው፣ ምንም በሽታ ሳይኖርባቸው፣ በሦስት ሳምንት ከሩብ በላይ ብቃታቸውን ያጡትን አምስት ወጣቶች ሳስብ፣ በ70 ዓመቷ በወገብ ሕመም ምክንያት ሁለት ወር የተኛች እናት ከአልጋው ስትነሣ የሚቀርላት ምን እንደሆነ መገመት አይከብደኝም። ሐኪም ተኝተህ ቆይ ብሎ ያዘዘው ሰው ትእዛዙን ይተላለፍ ማለቴ አይደለም፤ የአልጋ ዕረፍት የሚያስፈልግበት ሕመም አለ። የምለው፣ ዕረፍቱ እንደማንኛውም መድኃኒት መጠንና የማብቂያ ቀን ይኑረው፣ ሐኪሙም ስለ ክኒኑ እንደሚጠየቅ ሁሉ «መቼ ይነሣ? መቼ ይራመድ?» ተብሎ ይጠየቅ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ

የመጀመሪያው ጥናት በ1968 ታትሞ ብዙ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ቶሎ ከአልጋ ማንሣት እንዲጀምሩ ከገፋፉት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ታሪኩ እዚያ ቢያበቃም በቂ ነበር። በ1996 ግን ከዋናዎቹ ተመራማሪዎች አንዱ የነበሩት ሚቸል፣ ቤንጃሚን ሌቪንና ዳረን ማክጓየር ካሉበት አዲስ ቡድን ጋር ሆነው አምስቱንም ሰዎች ፈልገው አገኟቸው። ወጣቶቹ አሁን የ50 ዓመት ጎልማሶች ሆነዋል። አማካይ ክብደታቸው ከ77 ኪሎ ወደ 100 ኪሎ ከፍ ብሏል፤ ከሰውነታቸው ውስጥ የስብ ድርሻ ከ14 በመቶ ወደ 28 በመቶ፣ ማለትም እጥፍ ሆኗል።

እንደገና በትሬድሚሉ ላይ ወጡ። በደቂቃ 3.3 ሊትር የነበረው ጣሪያ 2.9 ሊትር ሆኖ ተገኘ። ይህን ቁጥር ከ1966ቱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፦ ሦስት ሳምንት አልጋ ጣሪያውን ወደ 2.4 ሊትር አውርዶት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ዕድሜ፣ ከነተጨማሪው 23 ኪሎ ጋር፣ ያወረደው 2.9 ሊትር ድረስ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹም በ20 ዓመት ዕድሜ የተደረገ የሦስት ሳምንት አልጋ በሥራ አቅም ላይ ያደረሰው ጉዳት ከሦስት አሥርት ዓመታት እርጅና የከፋ እንደነበር ጽፈዋል።

እርግጥ እነዚህ ሊትሮች የክብደቱን ሸክም አይቆጥሩም። ደረጃ የሚወጣ ሰው የሚሸከመው መላ ሰውነቱን ነውና ኦክስጅኑን በኪሎ ማካፈል ተገቢ ነው። ሲካፈል በ20 ዓመታቸው ለአንድ ኪሎ 43 ሚሊ ሊትር ይደርስ የነበረው በ50 ዓመታቸው 29 ገደማ ሆኗል፤ ይህ ሲሶውን ማጣት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የቆመው ሰው የሚሰማው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ታዲያ ከዚህ ጉድለት የሚበዛውን ያመጣው ልብ አይደለም፤ የተጨመረው ክብደት ነው። አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ክብደትን ለመቀነስ መንገድ አለና።

ወደ ጀሪካኑ ምሳሌ ስንመለስ በ1996 የተገኘው ነገር ከ1966ቱ ፈጽሞ የተለየ ነው። ከፍተኛው የልብ ምት ከ193 ወደ 181 ወርዷል፤ ይህ የዕድሜ ሥራ ነው፣ የሚከለክለውም ልምምድ የለም። ጀሪካኑ ግን አልጠበበም፤ እንዲያውም 104 ሚሊ ሊትር የነበረው 121 ሆኗል። ስለዚህ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ጠቅላላ ደም ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው አላነሰም። የጎደለው ቤት ውስጥ የሚገለበጠው ነው፦ ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 16.2 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይወጣ የነበረው 13.8 ብቻ ሆኗል። ሥራ የፈታ ጡንቻ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችና ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት የኃይል ማመንጫዎች ይመናመናሉ፤ ደሙ ደጁ ድረስ መጥቶለት ሳይጠቀምበት ይመልሰዋል። እንግዲህ ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት የሚመስል ድካም፣ በአንዱ ሰው ላይ የልብ አለመሙላት፣ በሌላው ላይ የጡንቻ ሥራ መፍታት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ቀጥሎ የስድስት ወር ልምምድ ተሰጣቸው። የወጣትነታቸው ዓይነት ሰውነትን የሚያሟጥጥ ሩጫ አልነበረም፤ በእግር ጉዞ፣ በሶምሶማና በብስክሌት ተጀምሮ ቀስ በቀስ በሳምንት ወደ አራት ሰዓት ተኩል የደረሰ ነው። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ጣሪያቸው ወደ 3.3 ሊትር ተመለሰ፤ በ20 ዓመታቸው፣ ከአልጋው በፊት፣ ወደነበሩበት ቦታ። በሠላሳ ዓመት የጠፋው በሙሉ በስድስት ወር ተመልሷል። የተመለሰውም በጠፋበት በር ነው፤ ልብ የምትረጨው ሳይሆን ጡንቻ ከደሙ የሚያወጣው ኦክስጅን ነው የጨመረው። ክብደታቸው የቀነሰው በጥቂት ኪሎ ብቻ መሆኑ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል፤ ሚዛኑ አልወረደልኝም ብሎ ልምምዱን በሁለተኛው ወር የሚተው ሰው፣ ሚዛኑ በማያሳየው ቦታ ያገኘውን ትልቅ ነገር ሳያውቀው ይጥለዋል። አንዳቸውም ግን በ1966 ከልምምዱ በኋላ ወደደረሱበት ወደ 3.9 ሊትሩ ከፍታ አልተመለሱም። ዕድሜ የራሱን ድርሻ ወስዷል፤ የወሰደው ግን ከላይኛው ጫፍ ነው፣ ለዕለት ኑሮ ከሚያስፈልገው አይደለም።

በ60 ዓመታቸው በድጋሚ ሲለኩ ጣሪያቸው ከ20 ዓመታቸው ጋር ሲነጻጸር በ27 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የአርባ ዓመት ኑሮ የሦስት ሳምንቱን አልጋ የደረሰበት ያኔ ነው። ከ50 እስከ 60 ባለው አንድ አሥርት ዓመት የወረደው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት ከወረደው አያንስም።

ከአምስት ሰው ምን ይወሰዳል?

አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ ሴት የለችበትም፤ ሲጀመር ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። ስለዚህ 27 በመቶ የሚለው ቁጥር በእኔም በአንተም ላይ እንደ ሕግ የሚሠራ አይደለም። የአሠራሩን መንገድ፣ ማለትም ምን ሲጠብብና ምን ሲደርቅ ብቃት እንደሚወርድ፣ ለማሳየት ግን አምስት በጥንቃቄ የተለኩ ሰዎች በቂ ናቸው። ብቃቱ ከሕይወት ርዝመት ጋር ያለውን ግንኙነት ለማወቅ ወደ ሌሎች መሄድ ግድ ነው። በ1953 ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ በለንደን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱ የአውቶቡስ ሾፌሮችን፣ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ጋር አነጻጽረው በሾፌሮቹ ላይ የልብ ሕመም በርትቶ አገኙት። በ1989 ደግሞ እዚያው ዳላስ ውስጥ ስቲቨን ብሌየርና ባልደረቦቹ በትሬድሚል የተፈተኑ 10,224 ወንዶችንና 3,120 ሴቶችን ለስምንት ዓመት ያህል ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ዝቅተኛ ብቃት ካላቸው ወንዶች መካከል በዓመት ከ10,000 ሰው 64 ሲሞቱ፣ ከፍተኛ ብቃት ካላቸው 18.6 ሞተዋል፤ በሴቶች ይህ ቁጥር ከ39.5 ወደ 8.5 ይወርዳል። ትልቁ ልዩነት የታየውም ከመጨረሻው ደረጃ አንድ ከፍ በማለት ላይ ነው፤ ሯጭ መሆን አላስፈለገም። በ2016 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይህ ብቃት እንደ ደም ግፊትና እንደ ልብ ምት በክሊኒክ በየጊዜው የሚታይ መለኪያ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ይህን በመሰሉ ማስረጃዎች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ትሬድሚልና የአየር ከረጢት ለሌለው አንባቢ ደረጃው አለ። ዘወትር የሚወጣውን ደረጃ ዛሬ የት ላይ እንደቆመ ልብ ይበል፤ ከሦስት ወር በኋላም የት ላይ እንደሚቆም ይይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ መጠነኛ የሚባለውም እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ደረቱን የሚጨመድደው፣ ራሱን የሚያዞረው ወይም የልብ ሕመም እንዳለበት የተነገረው ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት አለበት።

የቀረው ጥያቄ እስከ መቼ ይቻላል የሚለው ነው። የቤንጃሚን ሌቪን ቡድን ይህን እዚያው ዳላስ ሆኖ ተከታትሎታል። በ2010 ባሳተመው ጥናት ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ቀድሞ የማይንቀሳቀሱ ሰዎች ለአንድ ዓመት ልምምድ ሠርተው ብቃታቸው በ19 በመቶ ያህል ጨምሯል፤ በዕድሜ ብዛት የደረቀው የልባቸው ግድግዳ ግን አልለሰለሰም። በ2018 በታተመው ደግሞ ከ45 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው ሰዎች በሳምንት አራትና አምስት ቀን፣ ለሁለት ዓመት ሠርተው ብቃታቸው በ18 በመቶ ሲጨምር የልባቸው ግድግዳ ድርቀትም በሩብ ያህል ቀንሷል። አምስቱ የዳላስ ሰዎች ሁለተኛውን ልምምድ የጀመሩት በ50 ዓመታቸው፣ ልብ ገና በምትታጠፍበት በዚህ ዕድሜ መካከል ነበር፤ ያን ዓመት የመረጠው ግን ማንም አልነበረም፣ ከመጀመሪያው ልኬት ሠላሳ ዓመት ስለሞላ ብቻ ተጠሩ።